ለስኳር ክትትል የመጣችን ሴት ስለ ካንሰር ማን ይጠይቃት?

በየወሩ ሆስፒታል የምትመላለስ ሴት ለካንሰር ምርመራ ከጤነኛዋ ይልቅ ቅርብ ትመስላለች። ካርድ አላት፣ ቀጠሮ አላት፣ ሐኪም ያውቃታል። ጎጃም ውስጥ የማየው ግን ተቃራኒውን ነው። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ልብ ወይም ኩላሊት ያለባቸው ሴቶች ግቢውን እንደ ቤታቸው እያወቁት፣ የማህጸን ጫፍ ካንሰር ምርመራ የሚላቸው ሰው ሳይገኝ ዓመታት ያልፋሉ። የእኛ ብቻ ችግርም አይደለም። በካናዳ ኦንታሪዮ ተሠርቶ በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ስኳር ያለባቸው ሴቶች ሐኪም ጋ አብዝተው እየሄዱም የጡት ራጅ የሚነሱት ከሌሎቹ ባነሰ መሆኑን አሳይቷል።

ምክንያቱን ማየት የፈለገ ማለዳ የስኳር ክፍል በር ላይ ይቀመጥ። ከማቻከል፣ ከስናን፣ ከአነደድ የመጡ ሴቶች ምንም ሳይቀምሱ ተሰልፈዋል፤ ስኳሩ የሚለካው በባዶ ሆድ ነዋ። ምሳቸው በፌስታል ተቋጥሮ ጉልበታቸው ላይ አለ። ተራ ሲደርስ ነርሷ ጣት ትወጋለች፣ ቁጥሩን ካርዱ ላይ ትጽፋለች፣ መድኃኒት ይታዘዛል፣ ቀጣይ! የማህጸን ጫፍ ምርመራው ያለው ሌላ ሕንፃ ውስጥ ነው። እዚያ ሌላ ሰልፍ አለ። ረሃብ ያዛላት ሴት ያንን ሰልፍ ልያዝ ብትል ወደ ገጠር የምትመልሳት መኪና አትጠብቃትም። መንገድ በተዘጋ ቀንማ ዋናው ቀጠሮም ያልፋታል።

አንዷን እናት ታይተው ያውቃሉ ወይ አልኳት። "ይተዉኝ እቴ፣ ያለብኝን መቼ ቻልኩት! የባሰ አታምጣ ነው" አለችኝ። ይህን አለማወቅ ብሎ ማለፍ ይቀላል። እኔ ግን ድካም ነው የምለው። ለመድኃኒትና ለትራንስፖርት ባሏን ገንዘብ መጠየቅ የሰለቻት ሴት፣ ሌላ በሽታ ፍለጋ ምን ብላ ትሄዳለች? መርማሪው ወንድ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ አትሞክረውም።

የሚፈለገው ካንሰር አለመሆኑን ማንም አልነገራት። የሚፈለገው ካንሰር ከመሆኑ በፊት ያለው ለውጥ ነው። ኮምጣጤ መሳይ ቀጭን አሲድ የማህጸን ጫፉ ላይ ይቀባል፣ አንድ ደቂቃ ያህል ይጠበቃል፣ ችግር ያለበት ቦታ ይነጣል። ብዙ ጊዜ ሕክምናውም በዚያው ቀን ያልቃል። ይህ ያመለጣት ሴት ግን ጨረር ፍለጋ ትንከራተታለች። የጨረር ሕክምና በአገሪቱ ለረጅም ዓመታት ጥቁር አንበሳ ብቻ ስለነበረ፣ ወረፋ እየጠበቁ ያለፉትን ቤት ይቁጠራቸው። በ2011 ዓ.ም. የተጀመረው የማህጸን ጫፍ ካንሰር መከላከያ ክትባትም ለልጃገረዶች እንጂ ለእነዚህ እናቶች አልደረሰም።

ሲፈለግ ግን ይቻላል። ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ሴቶች ለዚህ ካንሰር ያላቸው ተጋላጭነት 6 እጥፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ25 ዓመታቸው ጀምሮ በየ3 እስከ 5 ዓመቱ እንዲመረመሩ ይመክራል፤ ሌሎች ሴቶች ከ30 ይጀምራሉ። ስለዚህ የኤአርቲ (የኤችአይቪ መድኃኒት) ክፍል ነርስ መጠየቅ ሥራዋ ሆኗል። የስኳር ክፍሏስ? ስኳር እኮ ራሱ ከጡትና ከማህጸን ግድግዳ ካንሰር ጋር ይያያዛል። ጡትን በእጅ ለመዳሰስ ደግሞ ከሠለጠነ ባለሙያና ከመጋረጃ በቀር የሚያስፈልግ ነገር የለም።

ክትትል ካርዱ ላይ አንድ መስመር ይጨመር፦ የማህጸን ጫፍ ምርመራ የተደረገበት ቀን። ባዶ ከሆነ፣ ሴትየዋ ስኳሯ ተለክቶ ቁርሷን ከቀመሰች በኋላ ያለ አዲስ ካርድና ያለ አዲስ ሰልፍ በዚያው ቀን ትታይ። ሴቲቱ ራሷ ናሙና ወስዳ የምትሰጥበት የኤችፒቪ (የማህጸን ጫፍ ካንሰር አምጪው ቫይረስ) ምርመራም የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ነው፤ ወንድ ፊት መተኛት ለሚከብዳት ሴት በወረዳ ጤና ጣቢያዎች መገኘት አለበት። እናታችሁን ወይም እህታችሁን ለክትትል የምታደርሱም፣ መድኃኒቱን ተቀብላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት ምርመራው የት እንደሚሰጥ ጠይቁላት፤ የምትመርጠው ሴት ባለሙያ ከሆነም እናንተው ንገሩላት።