ሙቀቱ የማን ነው? የድሬና የቶሮንቶ ሴቶች ትዝብት

ድሬ ላይ አንዲት ሴት ሃምሳ አካባቢ ደርሳ ድንገት ከአንገቷ በላይ እሳት ቢለቀቅባት፣ ላቧ ጠብ ጠብ ቢል ማንም ዞር ብሎ አያያትም። ለምን ብትሉ ሁሉም ሰው አልቦታል። በሰኔ ቀትር ቀፊራ ገበያ መሃል ቆሞ ያላላበው ሰው ካለ የታመመው እሱ ነው። ስለዚህ ሴትየዋ ሻሿን እያራገበች "አቦ ዛሬስ ሙቀቱ ለጉድ ነው" ትላለች፣ አጠገቧ ያለችውም "ወላሂ ለጉድ ነው" ትላታለች፣ ምናልባት እሷም የራሷን ሙቀት ይዛ ነው የቆመችው ግን ሁለቱም በድሬ አየር አሳበው ይለያያሉ። እኔ የምኖርበት ቶሮንቶ ደግሞ ጥር ላይ ውጪው በረዶ ሆኖ ቢሮ ውስጥ አንዷ ተነስታ መስኮት ስትከፍት፣ ሹራቧን አውልቃ በባትሪ የሚሰራ ትንሽዬ ማራገቢያ ከቦርሳዋ አውጥታ ፊቷ ላይ ስትደቅን ሁሉም ያውቃል፣ ራሷም "ሆት ፍላሽ ነው"፣ የማረጥ ሙቀት ነው ብላ ትስቃለች። መደበቂያ አየር የላትማ!

የነገሩ ምንጭ አየሩ አይደለም። የወር አበባ ሊቋረጥ ሲቃረብ ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ከፍ ዝቅ እያለ ይወርዳል፣ አንጎል ውስጥ የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠረው ቦታ ያኔ ነገረኛ ይሆናል፣ ቅንጣት ሙቀት ሲሰማው አገር የተቃጠለ መስሎት ላቡን በሙሉ ይለቀዋል። አሜሪካ ውስጥ ሴቶችን ለብዙ አመት የተከታተለ ስዋን የሚባል ጥናት አለ፣ ደጋግሞ የሚይዛቸው ሴቶች ላይ ይሄ ነገር በአማካይ 7.4 አመት ይቆያል ይላል፣ ጥቁር አሜሪካዊያን ላይ ደግሞ 10.1 አመት። እስቲ አስቡት አስር አመት ሙሉ በአየር ማሳበብ። ቀኑንስ እሺ፣ ሌሊቱን ምን ይሉታል? አንሶላው ረጥቦ፣ እንቅልፍ ጠፍቶ፣ ልብ ድው ድው እያለ ሲነጋ ደግሞ ያለ ምክንያት ልጅ ላይ መጮህ ሲመጣ ሙቀት ነው ማለት አያዋጣም፣ ሌላ ስም ይፈለጋል። ደም ብዛት ነው፣ ነርቭ ነው፣ ጨጓራ ነው፣ የሰው አይን ነው። ክሊኒክ ከተሄደ ደግሞ መቼም ታይፎይድና ታይፈስ የማይገኝበት ሰው የለም፣ መድሃኒቷን ተቀብላ ወደቤቷ ትመለሳለች ላቡም አብሯት ይመለሳል። ላብ የቲቢም የታይሮይድም ምልክት ሊሆን ስለሚችል መመርመሩ ክፉ አይደለም፣ እኔን የሚያናድደኝ "የወር አበባሽ እንዴት ነው?" ብሎ የሚጠይቅ መጥፋቱ ነው። ከ45 አመት በላይ ለሆነች ሴት አብዛኛውን ጊዜ የሆርሞን ላብራቶሪ እንኳን አያስፈልጋትም፣ አስራ ሁለት ወር በተከታታይ ካላየች አርጣለች፣ አለቀ። አንድ ጥያቄ ነው፣ በነጻ።

ወደ ሜካፑ ልምጣ። ቶሮንቶ ያሉ የኛ ሴቶች እድሜ ሲጨምር ሜካፕ ይጨምራሉ፣ ድሬ ያሉት ይቀንሳሉ። በጅምላ ነው የማወራው፣ የማይመለከታችሁ እለፉት። እዚህ አርባ ስምንት አመቷ ላይ ያለች ሴት ስራ ቦታ ደክሟት መታየት አትችልም፣ አረጀች ከተባለች እድገቱ ለልጅ እግሯ የሚሄድ ስለሚመስላት ገና ሳይነጋ ባቡር ውስጥ በእጅ መስታወት ኮንሲለሯን ስትለቀልቅ ታያታላችሁ። ድሬ ያለችው እኩያዋ ግን ልጅ ከዳረች በኋላ ቀይ ሊፕስቲክ ከተቀባች "በዚህ እድሜዋ?" ይመጣል፣ እሱንም የሚሉት ከዚራ ዛፍ ስር የሚቀመጡት ጎረምሶች እንዳይመስሏችሁ፣ የገዛ እህቶቿ ናቸው።

ቆዳው ግን ሁለቱም ጋ ያው ቆዳ ነው። ከማረጥ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ አምስት አመታት ቆዳን ደግፎ የሚይዘው ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ወደ 30 በመቶ ይቀንሳል፣ ቆዳው ይሳሳል፣ ይደርቃል፣ ያቺ በሰላሳ አመቷ የለመደቻት ፓውደር ሽብሽቡ ውስጥ ገብታ ትቀመጥና ከመሸፈን ይልቅ ታሳብቃለች። የፈረንጅ ገበያ ይሄን ቀድሞ ገብቶታል፣ ያንኑ የፊት ቅባት ሮዝ ካርቶን ውስጥ አድርጎ "ለሜኖፖዝ" ብሎ ጽፎ ዋጋውን ሰቅሎት ይሸጣል፣ ጀርባውን አዙራችሁ ስታነቡት ግሊሰሪንና ሃያሉሮኒክ አሲድ ነው፣ ተራው ውስጥም ያለው። እዛ ዝምታ እዚህ ሽያጭ፣ እውነቱን ለመናገር የቱ እንደሚሻል አንዳንዴ ግራ ይገባኛል፣ ቢያንስ የሚሸጡልሽ ሰዎች ስሙን ይጠሩልሻል።

የቀለሙ ነገር ደግሞ ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ድሮ እዚህ ለኛ መልክ የሚሆን ፋውንዴሽን መፈለግ ፍዳ ነበር፣ ወይ አመድ ያስመስላል ወይ ብርቱካን። ፌንቲ ቢዩቲ በ2017 በ40 አይነት ቀለም ሲመጣ ነው ሌሎቹም አፍረው መደርደሪያቸውን ያስፋፉት። ድሬ ታይዋን ገበያ ብትሄዱ ግን አሁንም እጃችሁ ላይ የሚቀመጥላችሁ የነጣው ነው፣ ሰርግ ላይ ሙሽሪትን ስታዩአት ፊቷ የአንድ ሰው አንገቷ የሌላ ሰው ሆኗል፣ ሜካፕ አርቲስቷን "ምነው?" ስትሏት "ፎቶ ላይ ያምራል" ትላችኋለች። እሱስ ታጥቦ ይሄዳል። የማይታጠበው ማንጫ ክሬሙ ነው። ሜርኩሪ ያለበት አለ፣ ከ1 ፒፒኤም (ከሚሊዮን አንድ እጅ) በላይ ሜርኩሪ ያለበት ኮስሞቲክስ ስለ ሜርኩሪ በተደረገው አለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነት ከ2020 በኋላ እንዳይመረት እንዳይነገድ የተባለ ነው፣ ክሎቤታሶል ያለበት ደግሞ ሞልቷል፣ እሱ ሃይለኛ ስቴሮይድ ነው ቆዳ ያሳሳል። እድሜ ራሱ እያሳሳው ባለ ቆዳ ላይ ሌላ ማሳሻ ሲጨመርበት አስቡት፣ ሃምሳ አመቷ ላይ ጉንጯ ላይ ደም ስር ተስሎ ፀሃይ የሚያቃጥላት ሴት ድሬ ላይ አንድ ሁለት አይደለችም።

እና እናቶቻችን የተሻለ ነገር ነበራቸው እኮ! የሱማሌዎቹ ቃሲል፣ ከቁርቁራ ቅጠል የሚፈጨው፣ ውሃ ሲነካው አረፋ ያወጣል ፊት ያጸዳል። ሁሩድ የሚሉት እርድ ፊት ላይ ተቀብቶ የሚዋልበት፣ ቢጫ ፊት ይዘው በር ላይ ቁጭ ብለው ሲያወጉ ያየ ያውቃቸዋል። ሐረር ስትወጡ ደግሞ ሂናው አለ፣ ሸዋሊድ ሲደርስ (ዩኔስኮ በ2023 የመዘገበው በዓል) ጀጎል ውስጥ እጇ ያልቀላ ሴት ፈልጋችሁ አታገኙም፣ እዛ ላይ ደስ የሚለኝ እድሜ አይጠየቅም፣ ሰባ አመቷ የሆነችው አዴም ሂናዋን አድርጋ ጉፍታዋን አስራ እንደ ልጅ ትዋባለች አንድም ሰው "በዚህ እድሜዋ" አይላትም። ሊፕስቲክ ያሳፍራል ሂና ያስከብራል ማለት ነው፣ ለምን እንደሆነ እኔ አላውቅም ብቻ እንደዛ ነው። ግን ቶሎ ይጠቁርልኝ ብላችሁ የጸጉር ቀለም የተቀላቀለበትን ጥቁሩን ሂና አትንኩ፣ ፒፒዲ የሚባለው ኬሚካል ቆዳ ያቆስላል።

ኩል ላይ ግን ከእናቶቻችን ጋር እጣላለሁ። ከጥላሸት የሚሰራው አለ፣ ከድንጋዩ የሚፈጨው ግን ብዙ ጊዜ ጋሌና ነው፣ ጋሌና ማለት የእርሳስ ማዕድን ነው፣ አሜሪካ እንደ መዋቢያ እንዲሸጥ አትፈቅድም። ሰውነት የገባው እርሳስ አጥንት ውስጥ ተጠራቅሞ ለአስርት አመታት ይቀመጣል። ሴት ስታርጥ ደግሞ አጥንቷ መሳሳት ይጀምራል፣ ያኔ የተጠራቀመው እርሳስ ተመልሶ ደሟ ውስጥ ይገባል። ከልጅነት ጀምሮ አይን የተኳለበት ነገር ሃምሳ አመት ላይ ሂሳቡን ይዞ መምጣቱ ነው። ይሄን ሳነብ ከእናቴ የተላከልኝን ኩል አሽጌ አስቀመጥኩት፣ መጣል ግን አልቻልኩም።

መድሃኒቱ ጋ ስንመጣ የሚያስቀኝ የሻንጣው መንገድ ነው። ከቶሮንቶ ወደ ድሬ ብላክ ኮሆሽና ኢቭኒንግ ፕሪምሮዝ የሚባሉ የእጽዋት መድሃኒቶች፣ የአኩሪ አተር ካፕሱል ይሄዳል። ከድሬ ወደ ቶሮንቶ ጥቁር አዝሙድ፣ አብሽ፣ ተልባ፣ ቃሲል ይመጣል። አየር ላይ ይተላለፋሉ። እዚህ ያለችው የአገሬ መድሃኒት ኬሚካል የለውም ትላለች፣ እዛ ያለችው የካናዳ መድሃኒት ተጠንቶ ነው ትላለች፣ ሁለቱም የሩቁን ነው የሚያምኑት። የካናዳውስ ቢሆን ጠርሙሱ ላይ ኤንፒኤን (የተፈጥሮ ምርት ቁጥር) ተብሎ ስምንት ዲጂት ቁጥር ይጻፍበታል፣ መንግስት አይቶታል ማለት ነው እንጂ ላብሽን ያቆመዋል ማለት አይደለም። ብላክ ኮሆሽ ላይ ጥናቶቹ አይስማሙም፣ የጉበት ጉዳት ሊያመጣ ይችላል ብሎ የካናዳ ጤና መስሪያ ቤት፣ ሄልዝ ካናዳ፣ በ2006 አስጠንቅቋል። ተልባም በ2012 በወጣ ጥናት ተሞክሮ ምንም መድሃኒት ከሌለበት ባዶ ማስመሰያ አልበለጠም። በነዚህ ጥናቶች ውስጥ ባዶውን የወሰዱትም ሴቶች ብዙዎቹ ይሻላቸዋል፣ ስለዚህ "እኔ ግን አድኖኛል" የምትለኝን ሴት አልከራከራትም፣ ተልባውን ትጠጣ፣ ለሆድ ድርቀቷም ይሆናታል።

አብሽ ግን ቀልድ አይደለም፣ ስኳር ይቀንሳል፣ የስኳር ክኒን ወይም ኢንሱሊን የምትወስድ ሴት በላዩ ላይ ጠዋት ጠዋት አብሽ በባዶ ሆድ ከጀመረች ስኳሯ ወርዶ ልትወድቅ ትችላለች፣ የደም ማቅጠኛ የምትወስድም ሃኪሟ ማወቅ አለበት። እንደውም አብሽ የሚያበዛ ሰው ላቡ ሜፕል ሲረፕ ሜፕል ሲረፕ ይሸታል፣ ቅጠሉ ካናዳ ባንዲራ ላይ ካለው ዛፍ የሚሰራው ጣፋጭ ሽሮፕ ማለት ነው፣ ሽታውን ሶቶሎን የሚባል ነገር ነው የሚያመጣው፣ ካናዳ ያለች አበሻ አብሽ ጠጥታ በላብ ስትጠመቅ እንደ ባንዲራው ካናዳዊ ሆነች ማለት ነው። ከሁሉም የማይገባኝ ግን ወይባ ነው። ለወገብም ለቆዳም ጥሩ ነው እያሉ፣ ሽታውም ይጣፍጣል አልክድም፣ ግን ድሬ ላይ፣ በዛ ሙቀት፣ ሆት ፍላሽ ያለባት ሴት ጋቢ ተከናንባ ጭስ ላይ ቁጭ! ሙቀት ራሱ ላቡን ከሚቀሰቅሱት ነገሮች አንዱ ነው።

የሚሰራው መድሃኒት የታወቀ ነው፣ ሆርሞኑ። ስሙ የጠፋው በ2002 ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ከ16 ሺህ በላይ ሴቶች ላይ የተሰራ ትልቅ ጥናት የጡት ካንሰርና የደም መርጋት ጨመረ ተብሎ ሲቋረጥ አለም በሙሉ ክኒኑን ወረወረ። የሴቶቹ አማካይ እድሜ 63 እንደነበረ ያኔ ብዙ ሰው ልብ አላለም። አሁን የሚባለው ከ60 አመት በታች ለሆነች ወይም ካረጠች አስር አመት ላልሞላት፣ የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት፣ የጉበት ችግር ለሌለባት ሴት ጥቅሙ ብዙ ጊዜ ከጉዳቱ ይበልጣል ነው፣ አጥንትም ይጠብቃል፣ ማህጸን ላላት ሴት ፕሮጄስትሮን አብሮ መሰጠት አለበት። የአሜሪካው መድሃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤም ከዛ ጥናት በኋላ መድሃኒቱ ላይ በጥቁር ሳጥን ከተጻፈው ማስጠንቀቂያ አብዛኛው እንዲነሳ በ2025 መጨረሻ ወስኗል። ሆርሞን ለማይሆናት ደግሞ በ2023 ኤፍዲኤ የፈቀደው ፌዞሊኔታንት የሚባል ክኒን አለ፣ ዋጋው ግን አይቀመስም።

ድሬ ስሄድ ዝርዝር ይላክልኛል፣ ከሳቢያንም ከገንደ ቆሬም። ሰንስክሪን አመጣለሁ፣ የቆዳ ማለስለሻ አመጣለሁ፣ ለጠየሙት የሚሆን ፋውንዴሽን አመጣለሁ። የሚያነጣ ክሬም አላመጣም፣ ብላክ ኮሆሽም አላመጣም፣ በዚህ የተቀየሙኝ ዘመዶች አሉ። አንዷ የአክስቴ ልጅ በቀደም ጉዞዬ ቡና ላይ ቁጭ ብለን "አንቺ ለራስሽ ምንድነው የምትወስጂው፣ እኛን ነው የምትከለክዪው" ብላ ስትለኝ ቀሚሴን ገለጥ አድርጌ እምብርቴ ስር የለጠፍኩትን የሆርሞን ፓች አሳየኋት። በሩን ዝጉት ተባለ። ደም ብዛት ነው ያለችውም፣ ነርቭ ነው ያለችውም፣ ታይፎይድ የታከመችውም ተጠግተው ከበቡኝ፣ ስንት አመት ሆነሽ፣ ሌሊት ነው ቀን የሚብስብሽ፣ ባልሽ ያውቃል ወይ፣ አንዷም ስለ አየሩ አላነሳችም። ከሁሉም ቀድማ የተጠየቀችው ጥያቄ ግን ምን መሰለቻችሁ፣ "ይሄ ነገር ከጫት ጋር ይሄዳል ወይ?"