የሱፐርማርኬቱ ንጽጽር አያስኬድም

አማዞን ሌሎች ነጋዴዎች በሚሸጡበት የኢንተርኔት ገበያው ላይ በራሱም ስም ዕቃ መሸጡን የሚደግፍ ጽሑፍ አነበብኩ። ጸሐፊው «ሱፐርማርኬትም በራሱ ስም ሳሙናና ዘይት ይሸጣል፤ አማዞን ቢያደርገው ምን ነውር አለው?» ይላሉ። ሱፐርማርኬት እኮ የሌላውን ዕቃ በገንዘቡ ገዝቶ ነው መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጠው፤ ካልተሸጠ ኪሳራው የእሱ ነው። አማዞን ላይ ዕቃውን አስመርቶ፣ አስተዋውቆ፣ ከከሰረም የሚከስረው ነጋዴው ነው። ገዢው ምን ብሎ እንደፈለገ፣ የትኛው ቀለም እንደተመለሰ፣ በስንት ዋጋ ቶሎ እንደሚነሣ ቁጭ ብሎ የሚያየው ደግሞ የገበያው ባለቤት። ባልዘሩበት ማጨድ ይሏል ይህ ነው።

የቦርሳ አምራቹን የፒክ ዲዛይንን «ኤቭሪዴይ ስሊንግ» የተባለ የትከሻ ቦርሳ ተመልከቱ። የአማዞን የራሱ ምልክት የሆነው አማዞን ቤዚክስ በጣም የሚመስለውን ቦርሳ፣ ስሙን እንኳ ሳይቀይር፣ እጅግ ባነሰ ዋጋ አወጣ። ፒክ ዲዛይን እ.ኤ.አ. በ2021 በቪዲዮ ሲሳለቅበት የአማዞኑ ቦርሳ ስም ተቀየረ።

አማዞን በራሱ ስም ስለሚሸጠው ባትሪና ገመድ አልከራከርም፤ ርካሹን እኔም እገዛለሁ።

ደግሞም አማዞን እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ የነጋዴዎችን ይፋ ያልሆነ መረጃ ለራሱ ሽያጭ እንዳይጠቀም ለአውሮፓ ኅብረት አስፈጻሚ አካል ለአውሮፓ ኮሚሽን ግዴታ ገብቷል። ግዴታው የ5 ዓመት ብቻ ነው፤ የአሜሪካን ገበያም አያካትትም። ጸሐፊው ይህን ለምን ዘለሉት?