ማስቲካው ወይስ ምራቁ?

ትናንት ከምሳ በኋላ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ጀበና ቡና ልንጠጣ ቁጭ ብለናል። ሱቅ በደረቴ የሚሸጥ ልጅ መጣ። ባንክ የምትሠራው ወዳጃችን ማስቲካ ገዛችና አንዱን ወዲያው አፏ ውስጥ ከተተች።

"ሽሮ በልቼ ደንበኛ ፊት እንዴት ልቁም? ደግሞ ጥርስም ያጸዳል" አለች።

ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡ። "ጥርስ የሚያጸዳው መፋቂያ ነው፣ የኔ ልጅ። ይኼ ስኳር ነው። ጥርስሽን ትል ይበላዋል።"

"የምን ትል ጋሼ? ባክቴሪያ ነው እንጂ።"

"ስሙን እንደፈለግሽ ጥሪው። ቀለቡ ስኳር ነው፣ አይደለም?"

ሦስተኛው ጓደኛችን ጉንጩን ያዘ። እሱ ታክሲ ውስጥ ሲያኝክ የተሞላ ጥርሱ ሙሊቱ ከማስቲካው ጋር ተነቅሎ ወጥቶበታል። ከዚያ ወዲህ ማስቲካ ነክቶ አያውቅም።

"እኔን ግን ከምግብ በኋላ አኝኪ ያለችኝ ሐኪሜ ናት" አለች ልጅቷ።

"የትኛውን?" አልኳት። ማሸጊያውን ገልብጣ ደቃቁን ጽሑፍ አነበበች። መጀመሪያ ላይ የተጻፈው ስኳር ነው። ዝም አለች።

እንደኔ ሐኪሟም ጋሼም ልክ ናቸው፤ የሚያወሩት ግን ስለ ሁለት ዓይነት ማስቲካ ነው። ስንበላ አፍ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስኳሩን ወደ አሲድ ይለውጡታል። የአሲድ መለኪያው ፒኤች (ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ በዝቷል ማለት ነው) ከ5.5 ገደማ በታች ሲወርድ ኢናሜሉ፣ ማለትም ጠንካራው የጥርስ የውጭ ሽፋን፣ ማዕድኑን ማጣት ይጀምራል። ያንን አሲድ የሚያረክሰው፣ ካልሲየምና ፎስፌትም ለጥርስ የሚመልሰው ምራቅ ነው። ማኘክ ምራቅ ያበዛል። ስለዚህ ከምግብ በኋላ ስኳር የሌለውን ለ20 ደቂቃ ያህል ማኘክ ይጠቅማል። ዛይሊቶል የሚባል የስኳር ምትክ ማጣፈጫ ያለበት ደግሞ ጥሩ ነው፤ ባክቴሪያዎቹ አሲድ ሊያደርጉት አይችሉም። ስኳር ያለውን ስናኝክ ግን እኛው ነን የምንቀልባቸው። መንጋጋው ቋ ቋ የሚልበት ወይም የሚያመው ሰው ሁሉንም ቢተወው ይሻለዋል። የትኛውም ቢሆን ቀን በቀን ሁለቴ ፍሎራይድ ባለው የጥርስ ሳሙና መቦረሽን አይተካም። በጥርስና በጥርስ መሃል አይገባማ!

እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ የልጆቹ ነገር ነው። ባለሱቅ ዝርዝር ሲያጣ በመልስ ፋንታ ማስቲካ ይሰጠናል፤ እኛም ለልጆች ይዘን እንገባለን። እኔ ይኼን ትቻለሁ። መልሱ ይቅር፣ ነገ ይታሰብልኝ እላለሁ።