ከሕፃኑ ጭንቅላት ቅርጽ በፊት አንገቱን እንይ

ሕፃኑ ሁለት ሦስት ወር ሲሞላው አንዳንዴ የጭንቅላቱ አንድ ጎን ጠፍጠፍ ይላል። ቤተሰቡ ይደነግጣል። አንዷ «በቅቤ እሹት» ትላለች፣ ሌላዋ «በሆዱ አስተኙት»። እኔን የሚያስፈራኝ ሁለተኛው ምክር ነው።

የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1992 ሕፃናት በሆዳቸው እንዳይተኙ መከረ። በ1994 ትልቅ ዘመቻ ተጀመረ። ከዚያ በኋላ ተኝተው ሳለ በድንገት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በግማሽ ያህል ቀነሰ። ጠፍጣፋ ጭንቅላት በብዛት መታየት የጀመረውም ያኔ ነው፤ የሕፃን ጭንቅላት ለስላሳ ስለሆነ ሁሌ አንድ ቦታ ሲጫነው ቅርጹ ይለወጣል። ቢሆንም ሕፃን መተኛት ያለበት በጀርባው ነው። በዚህ ድርድር የለም።

«አእምሮውን ይጎዳው ይሆን?» ብሎ መጨነቅ የወላጅ ወግ ነው። አሜሪካ ሲያትል ከተማ ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች እነዚህ ሕፃናት በዕድገት ምዘና፣ በተለይ በእንቅስቃሴ፣ በአማካይ ዝቅ ያለ ውጤት እንዳላቸው አሳይተዋል። ለትምህርት ሲደርሱ ግን ልዩነቱ የታየው ችግሩ ጠንከር ብሎባቸው በነበሩት ላይ ነው። ይህ ማለት ቅርጹ አንጎልን ጎዳ ማለት አይደለም። እንዲያውም መንስኤው ከወዲያ በኩል ሊሆን ይችላል። ጡንቻው የላላ ወይም አንገቱ ወደ አንድ ጎን የተያዘ ልጅ ራሱን እንደልቡ አያዞርም። ስለማያዞር ያው ጎን ይጫናል። ጠፍጣፋው ቦታ ምልክት ነው፤ መታየት ያለበት እንቅስቃሴው ነው።

እኛ ግን ገንዘባችንንም ጭንቀታችንንም ቅርጹ ላይ እናፈሳለን። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ቅርጽ ለሚያስተካክል ሄልሜት ሺዎች ዶላር ይጠየቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ የኔዘርላንድስ ጥናት 84 ሕፃናትን አወዳድሮ ሁለት ዓመት ሲሞላቸው ሄልሜት ባደረጉና ባላደረጉት መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኘም።

ብዙውን ጊዜ የሚጠቅመው ወጪ የለውም። የዓለም ጤና ድርጅት ገና የማይድህ ሕፃን ነቅቶ ሳለ በቀን ቢያንስ 30 ደቂቃ፣ ከፋፍሎ፣ በሆዱ እንዲሆን ይመክራል። አጠገቡ ሰው ይኑር። ከመኪና ወንበር ወደ ጋሪ ብቻ ከማዘዋወርም ማቀፍና አንገቱ ሲጠና ማዘል ይሻላል። አንቀልባችንን ባንረሳው ደስ ይለኛል።

ለክትባት ስትሄዱ ሐኪሙን «አንገቱን በሁለቱም ጎን እኩል ያዞራል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። አንገቱ ከተያዘ ፊዚዮቴራፒ በጊዜ ሲጀመር ውጤቱ ጥሩ ነው። ቅርጹ ከተወለደ ጀምሮ የተዛባ ከሆነ፣ ወይም ጭንቅላቱ ላይ እንደ ሸንተረር ያለ ጠንካራ መስመር ከተዳሰሰ ግን የክትባት ቀጠሮ አትጠብቁ። አጥንቶቹ ያለጊዜያቸው ተጣብቀው ሊሆን ስለሚችል ቶሎ ሐኪም ይየው።