ሥነ ጥበብ ያልተማረ የሥነ ጥበብ ተጠሪ፦ ከባሕር ማዶ እስከ ጀጎል

በምኖርበት የሰሜን አሜሪካ ከተማ፣ ከዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት አንድ ባለሙያ ጡረታ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው አይቀጠርም። ሥራው ለቀሩት ይከፋፈላል፤ በዚህም የተነሣ በሥነ ሕይወት ተመርቆ ዕድሜውን የሳይንስ መጻሕፍት ሲመርጥ የኖረ ሰው ሳያስበው ለሙዚቃ፣ ለቴአትርና ለሥዕል ትምህርት ክፍሎች መጽሐፍ የሚመርጥና ተማሪዎቻቸውን የሚረዳ የቤተ መጻሕፍት ተጠሪ ሆኖ ይገኛል። በተወለድኩበት በምሥራቁ የአገራችን ክፍል ያየሁት ከዚህ ብዙም አይርቅም። በዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ያገኘኋቸው አብዛኞቹ ወጣቶች የተመረቁት በኢንፎርሜሽን ሳይንስ ወይም ኮምፒውተር ነክ በሆነ ትምህርት ነው፤ ኔትወርክ ሲበላሽ ይጠግናሉ፤ ስለ ቅርስ ወይም ስለ ኪነ ሕንፃ ጥያቄ ይዞ የሚመጣ ተማሪ ግን ያስጨንቃቸዋል። ዘርፉን አለማወቅ በሁለቱም አገር አለ፤ ልዩነቱ ባለሙያው ካለማወቅ ተነሥቶ ወደ ማወቅ እንዲሄድ በሚሰጠው ጊዜና መሣሪያ ላይ ነው።

እዚያ ማዶ አዲሱን ዘርፍ የተረከበው ሰው የሥነ ጥበብን ታሪክ ከመጀመሪያው ጀምሮ ልማር ብሎ አይነሣም። መጀመሪያ የሚያነበው የትምህርት ክፍሉን የኮርስ ዝርዝርና የተማሪዎቹን የመመረቂያ ጽሑፎች ርእስ ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱ የሚያገለግለው እዚያ የሚጠናውን እንጂ የዓለምን ጥበብ በሙሉ አይደለምና። ከዚያ የአሜሪካው የሥነ ጥበብ ተቋም ጌቲ በነጻ ያቀረበውን የሥነ ጥበብና የኪነ ሕንፃ የቃላት መዝገብ ይከፍታል። መዝገቡ እያንዳንዱን ቃል ከቁሱ፣ ከአሠራሩ፣ ከዘመኑና ከአገልግሎቱ ጋር አያይዞ በየእርከኑ ስለሚያስቀምጠው፣ ዘርፉን የማያውቅ ሰው ባለሙያዎቹ ዕቃን ከዕቃ በምን እንደሚለዩ በአጭር ጊዜ ይረዳል። የሚጠይቀው ባልደረባም አያጣም፤ የሰሜን አሜሪካ የሥነ ጥበብ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር እ.ኤ.አ. ከ1972 ጀምሮ የቆመ ነው።

ከሳይንስ የመጣውን ሰው በብርቱ የሚፈትነው ግን የቃላት እጥረት ሳይሆን ይዞት የመጣው ልማድ ነው። በሕክምና መደርደሪያ ላይ አዲስ እትም ሲመጣ አሮጌውን ማንሣት ተገቢ ብቻ ሳይሆን ግዴታም ነው፤ ያረጀ የመድኃኒት መጠን ሰው ይጎዳል። ይህንኑ ልማድ ወደ ሥነ ጥበብ መደርደሪያ ያሻገረ ግን ሊተካ የማይችል ነገር ይጥላል። የዐውደ ርእይ ካታሎግ በጥቂት ቅጂ ይታተማል፣ አልቆ ሲያበቃ ዳግም የሚታተመው ከስንት አንዱ ነው፣ ብዙ ጊዜም ዓለም አቀፍ የመጽሐፍ መለያ ቁጥር ስለሌለው በመጻሕፍት ሻጮች ዝርዝር ውስጥ አይገባም፤ ሆኖም ከዐውደ ርእዩ በኋላ ሥራዎቹ በየግለሰቡ ቤት ሲበተኑ አንድ ላይ የሚታዩበት ብቸኛ ሰነድ እርሱ ሊሆን ይችላል። ሠዓሊው ራሱም የሚፈልገውን ይዞ አይመጣም። አንዱ ስለ ቀለም ኬሚካል ይጠይቃል፣ ሌላው ያረጀ ካርታ ወይም የዕፅዋት ሥዕል ይፈልጋል፣ ሦስተኛው ምንም ሳይጠይቅ በመደርደሪያዎቹ መካከል ሲመላለስ ይውላል። የመጨረሻው አመጣጥ፣ የፍለጋ ሳጥን ላይ ቃል መጻፍ ብቻ ፍለጋ ለሚመስለው ባለሙያ፣ ሥራ ፈትነት ይመስለዋል።

ሙዚቃ ደግሞ የባሰ ነው። የሞዛርትን 40ኛ ሲምፎኒ፣ በሥራዎቹ መዝገብ ኬ 550 የተባለውን፣ «ግዙልን» የሚል መምህር የኦርኬስትራ መሪው ፊት የሚቀመጠውን ትልቁን የኖታ መጽሐፍ፣ ተማሪ ለጥናት የሚይዘውን ትንሹን ወይም ለእያንዳንዱ ተጫዋች ተለይቶ የታተመውን ክፍል ሊያመለክት ይችላል። ርእሱ አንድ፣ ዕቃው ሦስት ነው። ይህን ለማወቅ ፒያኖ መምታት አያስፈልግም፤ ከማዘዝ በፊት መጠየቅ ግን ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ተወለድኩበት ምሥራቅ፣ ወደ ሐረር ልመለስ። ከሐረር ብዙም የማይርቀው ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የእርሻ ኮሌጅ ሆኖ እንደ ተጀመረ የታወቀ ነው፤ በአገራችን ሌሎች ተቋማትም ቢሆን የሥነ ጥበብ መጽሐፍ ዘግይቶና በጥቂቱ የመጣ እንግዳ ነው። በዚያው አካባቢ በሚገኝ አንድ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጬ ሳለሁ፣ አንድ ተማሪ መጥቶ በሐረሪ ባህላዊ ቤት ውስጥ ግድግዳው ላይ ስለሚሰቀሉት የሣር ስፌቶች የሚያነበው ነገር ጠየቀ። ወጣቷ ባለሙያ 963፣ ማለትም የኢትዮጵያ ታሪክ ወዳለበት መደርደሪያ መራችው፤ ልጁ ጥቂት ቆይቶ ባዶ እጁን ተመለሰ። መጻሕፍትን በየርእሳቸው ቁጥር እየሰጠ በሚደለድለው በዲዊ አመዳደብ ያ አንድ ግድግዳ የተበተነ ነው፦ ቤቱ 720 ከኪነ ሕንፃ፣ ስፌቱ 746 ከጨርቃ ጨርቅና ከሽመና ጥበብ፣ የቤቱ ባለቤቶች እምነት 297 ከእስልምና ጋር። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አመዳደብ ደግሞ የስፌትን አሠራር ከሥነ ጥበብ አውጥቶ ከቴክኖሎጂ ጎራ፣ ከእጅ ሥራዎች ዘንድ ያስቀምጠዋል። ልጅቷ ይህን በትምህርት ቤት ተምራዋለች፤ ከግድግዳ ጋር ያገናኘላት ሰው ግን አልነበረም።

እዚህ ላይ ነው የእኛ አገር ዕድል የሚታየኝ። በማዶው ከተማ ስለ ሐረር ስፌት የሚጠየቅ ባለሙያ ያለው መንገድ መዝገብና ፎቶግራፍ ብቻ ነው፤ ሐረር ላይ ግን ሰፊዋ አለች። ከሥራ ሰዓት በኋላ ከልጅቷ ጋር ወደ ጀጎል ገብተን ከአንዲት እናት ቤት አረፍን። ከነደባው፣ በሐረሪ ቤት ውስጥ ከፍ ተደርጎ ከሚሠራው መቀመጫ ላይ ተቀምጠው በወስፌ እየወጉ በቀለም የተነከረውን ሣር በጥቅሉ ዙሪያ ያሳልፉና በጥርሳቸው ሳብ አድርገው ያጠብቁት ነበር። ልጅቷ «እናቴ፣ ይኼ ከዚያኛው በምን ይለያል?» ስትላቸው ስለ ሣሩም ስለ አሠራሩም አልነገሯትም። «ይኼ የሙሽራ ነው ልጄ። ያ የሚሸጥ ነው፤ ጥለቱ ትልልቅ ስለሆነ ቶሎ ተሠርቶ ያልቃል» አሏት። የሙሽራውን ገልብጠው የውስጡን ስፌት ሲያሳዩን ጥለቱ ከጣት ጥፍር ያነሰ ነበር። ልጅቷ ማስታወሻዋን አውጥታ 392 ብላ ጻፈች፤ የሠርግና የጋብቻ ልማድ የሚመደብበት ቁጥር ነው። ተማሪውን ወደዚያ መደርደሪያ መላክ ለእርሷም ለእኔም አልታየንም ነበር።

እንዲህ ያለው ትምህርት ሐረር ላይ ሞልቷል። እዚያው ጀጎል ውስጥ አቶ አብዱላሂ ዓሊ ሸሪፍ ያደራጁት የግል ሙዚየም የእጅ ጽሑፎችን፣ ሳንቲሞችን፣ አልባሳትንና የድምፅ ቅጂዎችን ይዟል፤ የሐረርን የመጽሐፍ አደጓጎስ ጥበብ ማወቅ ለሚፈልግ የቤተ መጻሕፍት ሰው ከዚያ የተሻለ መማሪያ አላውቅም። የሐረሪዎች በዓል ሽዋሊድ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ሆኖ ስለ ተመዘገበ ስለ ዜማውና ስለ አልባሳቱ የሚጠይቅ ተማሪም መምጣቱ አይቀርም። የዴንገጎን ዳገት ወርዶ ድሬዳዋ የደረሰም እንዲሁ ነው፤ የለገ ኦዳ የዋሻ ሥዕሎች ከአርኪዮሎጂ ይመደቡ ወይስ ከሥዕል የሚለው ጥያቄ ሥዕሎቹን ላየ ሰው የወረቀት ክርክር ብቻ ሆኖ አይቀርም።

ታዲያ ለምን አይሄዱም? ጊዜው ስለማይሰጣቸው ነው። ማዶ ያለው ባለሙያ የተማሪዎችን ዐውደ ርእይ ለማየት ከቢሮ ሲወጣ በሥራ ላይ ነው፤ በዓመታዊ ሪፖርቱም ይጽፈዋል። እኛ ዘንድ ጠዋትና ማታ የሚፈረምበት መዝገብ አለ፤ ከግቢ መውጣት የሚፈቀደው «መስክ» ሲባል ነው፤ መስክ ደግሞ አበል የሚከፈልበት ሩቅ ቦታ መሆን አለበት። በእግር ወይም በባጃጅ የሚደረስ ቦታ አበል ስለሌለው መስክም አይባል፣ ሥራም አይባል። (አዲስ አበባ ለሦስት ቀን ሥልጠና መሄድ ግን ያለ ብዙ ጥያቄ ይፈቀዳል።)

የማዶውን አሠራር እንዳለ ማምጣት ይገባል አልልም። እዚያ ያሉ አንዳንድ ባልደረቦቼ የመረጃ ቋቶቹን ጠንቅቀው እያወቁ በተጠሪነት የያዙትን የሥዕል ክፍል ስቱዲዮ ደጃፍ ረግጠው አያውቁም፤ አንድ ጉባኤ ላይ ስለ ቀለምና ሸራ አንዲት ቃል ሳይነሣ ስለ ፍለጋ ስልት ሲወራ መዋሉ ትዝ ይለኛል። ከዚያ መወሰድ ያለበት የኮርስ ዝርዝሩን ማንበብ፣ ነጻ የሆነውን የቃላት መዝገብ መጠቀምና ባለሙያው ለሚማርበት ጊዜ በሥራ ሰዓት ውስጥ ቦታ መስጠት ነው። በሳምንት ግማሽ ቀን ይበቃል። ከዚያ የሚመጣው ዕውቀት በባለሙያው ደብተር እንዳይቀር ደግሞ በቤተ መጻሕፍቱ ካታሎግ የማስታወሻ ቦታ ላይ የዕቃው ስም በሐረሪ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛና በአማርኛ፣ አገልግሎቱም ጭምር ሊገባ ይችላል፤ ሶፍትዌሩ ይፈቅዳል፣ ወጪም የለውም። ልጅቷ በሙሽራው ስፌት ጀምራለች። ግማሽ ቀኑን በተመለከተ አለቃዋ ጥያቄዋን በጽሑፍ እንድታቀርብ ነግረዋት፣ ደብዳቤውን ስታረቅቅ «መስክ» የሚለውን ቃል እንድታወጣው መክሬያታለሁ።