እንቁላሉ ክላስ የለውም

ባለፈው ቅዳሜ ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ቡና ላይ ነበርን። አራት ነን። አንድ ዩኒቨርሲቲ የሚያስተምር ሰውዬ፣ አንድ ጓደኛዬ፣ ሁለተኛ ዓመት የደረሰች እህቱ፣ እኔ። ጨዋታውን የጀመረችው ልጅቷ ናት። "ሳይክል ልገዛ ነው፣ ለግቢ" አለች። ከዶርም ክላስ፣ ከክላስ ላይብረሪ፣ ከላይብረሪ ተመልሶ ካፌ። ጫማ አልበረክት ብሏታል።

መምህሩ ሲኒውን አስቀመጠና "ምን አስቸኮለሽ? ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" አላት።

ሳቅን። እሱ ግን የምሩን ነው። ተረቱ ስለ ትዕግሥት መሆኑን ረስቶ የእግረኛ ጠበቃ አደረገው።

ጓደኛዬ ስልኩን አውጥቶ ሒሳብ ጀመረ። ሰው በደህና እርምጃ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ሳይክል ሳይጣደፉ ቢነዱት እንኳ 15 አያቅተውም። አንድ ኪሎ ሜትር በእግር 12 ደቂቃ፣ በሳይክል 4 ደቂቃ ማለት ነው። በቀን አራት ጊዜ አንድ አንድ ኪሎ ሜትር ከሄደች 32 ደቂቃ ተረፋት። "በ32 ደቂቃ ምን ትሠሪያለሽ?" አላት መምህሩ። "እተኛለሁ" አለች። ከዚህ የተሻለ መልስ አልሰማሁም።

መምህሩ ወደ ላብ ጉዳይ ዞረ። ተማሪ ላብ በላብ ሆኖ ክላስ መግባት የለበትም አለ። ይሄን የሚለን ሐዋሳ ላይ ተቀምጦ ነው! ከተማዋ እንደ ምጣድ የተዘረጋች ናት። ዳገት ካማረህ ታቦር ተራራን መውጣት አለብህ፣ እዚያ ደግሞ ክላስ የለም። ሰባት ሰዓት ላይ በዚያ ፀሐይ 12 ደቂቃ የሚራመደው ነው ወይስ ነፋስ እየመታው 4 ደቂቃ የሚነዳው የበለጠ የሚያልበው? ስጠይቀው "ቢሆንም ቀስ በቀስ እንቁላል..." ብሎ ጀመረ። ቡና አፍዪዋ ጨረሰችለት።

ቀጥሎ "ሴት ልጅ ቀሚስ ለብሳ..." ብሎ ጉሮሮውን ጠረገ። ልጅቷ ረጋ ብላ "ጋሼ፣ መሐል ብረቱ ዝቅ ያለ ሳይክል አለ እኮ" አለችው። ይኼ ጉዳይ እዚያው አለቀ።

ስለ ሌባ ያነሳው ግን እውነት ነው። የእኔም ተሰርቋል። የቆለፍኩት የፊት ጎማውን ብቻ ነበር። ስመለስ ጎማው ከነቁልፉ በክብር ቆሞ ጠበቀኝ፣ ሌላው የለም። ስለዚህ ልጅቷን ሰንሰለቱን በጎማውም በዋናው ብረትም አሳልፈሽ ከቋሚ ነገር ጋር እሰሪው አልኳት። ካላማዳሪ ቢፈነዳ ጎሚስታ ቅርብ ነው። ለክረምት ደግሞ ፓራፋንጎ ይኑረው፣ አለበለዚያ ጭቃው በጀርባሽ ወጥቶ አንገትሽ ላይ ይጽፋል።

ክላስ ሲለቀቅ መንገዱ በሰው ይሞላል፣ ሰው ትገጫለሽ ብሎም ተከራከረ። ደወል አለ፣ ፍሬን አለ፣ ሰው ሲበዛ ወርዶ መግፋትም አለ። ባጃጁ በዚያ ሁሉ ትርምስ ውስጥ ሲሽሎከለክ ምንም ያላለ ሰው ሳይክል ላይ ሲደርስ የትራፊክ ፖሊስ ሆነ።

ዋናው ነገር መጨረሻ ላይ ወጣ። ልጅቷ "ጋሼ፣ እርስዎስ ለምን አይነዱም?" አለችው። "እኔ? ተማሪ ያየኛል እኮ!" አለ። አያችሁ? ላቡም፣ ቀሚሱም፣ ሌባውም ሰበብ ነበር። ይኼ ሰው የመጣው በመኪና ነው። ቤቱ ከተቀመጥንበት ይታያል።

ነገሩ ስላናደደኝ ታሪክ አነሳሁ። በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ኦሊምፒክ ላይ የኢትዮጵያን ባንዲራ ይዘው ከሄዱት መካከል ብስክሌት ጋላቢዎች ነበሩ፣ እነ ገረመው ደንቦባ። በ2008 ዓ.ም. ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ሳይክል አገር ያስጠራበት እንጂ ሰው ያፈረበት ጊዜ አላውቅም። "እነሱ ስፖርተኞች ናቸው" አለኝ። ከዚያ? አዎ፣ እንቁላሉን ደገመልኝ።

ቆይ፣ እሺ፣ እንቁላሉን እናንሳው። ዶሮ ታቅፋ ጫጩት እስክታወጣ 21 ቀን ይፈጅባታል። ከዚያ በኋላ ነው በእግሩ የሚሄደው። የልጅቷ ክላስ ግን 2 ሰዓት ላይ ነው።

እኔን የሚያበግነኝ የአንድ መምህር ኩራት ብቻ አይደለም። ስለ አንድ ሰው ሲነሳ ድሮ "ምን ተማረ?" ይባል ነበር፣ ዛሬ "ምን ይነዳል?" ነው። ልጆቹ ሲመረቁ በማያውቁት ሰው መኪና ላይ ተደግፈው ፎቶ ይነሳሉ። ሽማግሌ ለመላክ እንኳ መኪና የምንዋስ ሰዎች ሆነናል። ነዳጅ በሊትር ከ100 ብር አልፎ እያየን ክብራችንን ከታንከር ጋር አሰርነው።

ለቅሶ ቤት እንኳ አልቀረም። በቀደም ሳይክሌን ከድንኳኑ ውጪ አቁሜ ገባሁ። አንድ ወጣት አስተናጋጅ በሹክሹክታ "ጋሼ፣ ዕቃ ሊያደርሱ ነው?" አለኝ። ልቀመጥ ነው የመጣሁት አልኩት። ወንበር ፍለጋ ሲዞር ውጪ ክላክስ ተሰማ። አንድ ሰውዬ ቁልፉን ጣቱ ላይ እያሽከረከረ ገባ፣ ሟቹን እንኳ በቅጡ የሚያውቀው አይመስለኝም። ወንበሩ ለእሱ ሆነ። እኔ ወጥቼ ሳይክሌን ተደግፌ ንፍሮዬን በላሁ።