ጀርባ ሰጥቶ ሥዕል የማየት ጥበብ

ፈረንሳዊው ሠዓሊ ክሎድ ሞኔ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ጊዜ አባካኝ ሰው ነበር። ከ1899 እስከ 1901 እ.ኤ.አ. ከፈረንሳይ ለንደን እየተመላለሰ፣ ሳቮይ ሆቴል መስኮት ላይ ተጥዶ ቴምዝ ወንዝን ሲስል ከረመ። ብርሃኑ በተለወጠ ቁጥር ሸራ ይለውጣል። በዚህ አያያዙ መቶ የሚጠጉ ሥዕሎች ጀመረ። እነሱንም እዚያው አልጨረሳቸውም። ጠቅልሎ ቤቱ ወስዶ ዓመታት ሲነካካቸው ቆየና በ1904 ፓሪስ ላይ 37ቱን አሳየ።

እኛ ግን ተመስገን፣ ሠልጥነናል። በ2024 መገባደጃ ለንደን የሚገኘው ኮርቶልድ ጋለሪ ከእነዚህ የቴምዝ ሥዕሎች 21ዱን ሰብስቦ ሲሰቅል፣ ጎብኚው አንዱን በሦስት ሰከንድ ነበር የሚያጠናቅቀው። ቀና፣ ቀጭ፣ ቀጣዩ! ዓይን ማድከም ለምኔ? ስልኩ አይቶልናል።

ከሁሉ የማደንቀው ጀርባቸውን ሰጥተው የሚያዩትን ነው። አንዲት ወጣት የእንግሊዝ ፓርላማ ሥዕል ፊት ቆማለች። ከኋላዋ ፀሐይዋ በጉሙ መሃል ቀልታለች። ጓደኛዋ ስልኳን ደግና "ትንሽ ወደ ግራ፣ አገጭሽን ቀና" ትላታለች። ልጅቷ ወደ ግራ ስትል ፀሐይዋ ከጭንቅላቷ ኋላ ገባች። ሞኔ ከፓርላማው ወንዝ ማዶ ካለው ሆስፒታል ሆኖ፣ ጉሙ እስኪሳሳ የጠበቃት ፀሐይ እኮ ናት! በአንድ እርምጃ ጠለቀች። ጓደኛዋ ግን "አሁን አሪፍ ነው!" አለች።

ስለ ጉሙም ልንገራችሁ። የድንጋይ ከሰል ጭስ የተቀላቀለበት ነው፤ ሞኔም ለንደንን የወደዳት በእሱ ነው። ስልክ ግን ጭስ አይወድም። አንድ ጎልማሳ ከቴምዝ ድልድይ ሥዕሎች አንዱን ያነሳበትን ፎቶ አየና "ደብዝዟል" ብሎ ጣቱን ወዲህ ወዲያ አንሸራተተ። ጉሙ ጥርግ፣ ዋተርሉ ድልድይ ፍንትው! ከመቶ ዓመት በላይ ማንም ያላረመው ስህተት በአንድ ጣት ታረመ።

ሥልጣኔ ያልደረሳቸውም አልጠፉም። አንድ አዛውንት ስልክ ሳያወጡ ሥዕሉን ፊት ለፊት ያዩታል። ቀረብ ይላሉ፣ ራቅ ይላሉ፣ እንደገና ቀረብ ይላሉ። ስንቱን ፎቶ አበላሹ መሰላችሁ!

ሞኔ ሥዕሎቹን በ1905 ለንደን ላይ ሊያሳይ አስቦ አልሆነለትም። እንኳንም አልሆነለት። ዕድሜ ሰጥቶት ለ2024ቱ ቢደርስ ኖሮ፣ ገና ከበሩ ሲገባ ነበር "ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ፎቶ ውስጥ ገቡብን፤ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልን" የምንለው።